«አይቻለሁ» ያልኩበት ጠመዝማዛ

ይህ ነገር ያስወጣኝን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሦስት ባልዲ ማር፣ የፒካፔ ኮፈን፣ የሰው ሚኒባስ የኋላ መስታወት፣ አንድ ነጭ ጋቢ፣ ለሳምንት ያህል የግራ ጆሮዬ ቅርጽ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ለማንም ሰጥቼው የማላውቀው አንድ ነገር፦ በመጀመሪያው ጥያቄ «እሺ» ማለት። ጆሮዬ ድኗል። «እሺ»ው እስካሁን ያመኛል።

ቦንጋ ውስጥ ታሪኩን የማያወራ ሰው የለም፤ በትክክል የሚያውቀው ግን እኔ ብቻ ነኝ። ሌላው ሰው ሲያወራው እኔ ዕውር ነኝ፣ መኪናዬ እብድ ነች፣ ጥፋቱም ከጫፍ እስከ ጫፍ የእኔ ነው። አይደለም። ያኔም አልነበረም፣ አሁንም አይደለም። ይህን እስከ መጨረሻው አንብባችሁ «ኧረ አንተ ነህ ያጠፋኸው» የምትሉ ካላችሁ ሱቄ ገበያው ዳር ነው፤ ኑና ፊት ለፊት እንነጋገር። ወንበርም አለ።

እኔ ማር ነጋዴ ነኝ። ማሩን የምገዛው ዋጫ ላይ ነው፣ የምሸጠው ቦንጋ ላይ። የማር ግዢ የራሱ ሕግ አለው፤ ሕጉን ሳታውቁ ቀሪውን ታሪክ ብነግራችሁ እነዚያን የሚያሙኝን ሰዎች ታግዛላችሁና ልንገራችሁ። ሻጩ ክዳኑን ይከፍታል። ገዢው የተላጠ ቀጭን እንጨት እስከ ባልዲው ወለል ድረስ ይሰዳል፤ ከላይ ማር፣ ከታች ስኳር የሚያደርግ ሰው አይጠፋማ። እንጨቱን ያወጣል፣ ያያል፣ ይልሳል፣ ከዚያ ሰማይ ሰማይ ያያል። ሰማዩ ለማሩ ምንም አይጠቅምም፤ ለዋጋው ነው። በመጨረሻ «አይቻለሁ» ይላል። «አይቻለሁ» ካለ አበቃ። ቤቱ ገብቶ ከባልዲው ወለል ድንጋይ ቢያወጣ እንኳ ድንጋዩ የራሱ ነው፤ ሻጩም ደላላውም ዞር ብለው አያዩትም። እኔ «አይቻለሁ» ብዬ የመለስኩት ባልዲ የለም። ዋጫ ውስጥ ይህን የማይመሰክርልኝ ሻጭ ካለ ገና ከናቱ ጀርባ ያልወረደ ነው።

ያን ዕለት የእህቴ ልጅ ቢንያም አብሮኝ ነበር። ቢንያም የበረራ ተቆጣጣሪ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያ ማማ ላይ ተቀምጦ «አንተ ግባ፣ አንተ ቆይ» የሚል። ፈቃድ ወጥቶ ቦንጋ መጣና ቤት ውስጥ መቀመጥ ሰለቸው፤ «ገበያ ልይ» ብሎ ተከተለኝ። ልጁ ጨዋ ነው። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ ሲጠየቅ እውነቱን ይናገራል።

ማሩን አስጭነን ልንነሳ ስንል ስልኬ ጮኸ። ልጄ ትዕግሥት ነች።

«አባዬ፣ የት ደረስክ?»

«መጣሁ።»

«"መጣሁ" ማለት ገና ዋጫ ነህ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ እኮ ተነስተዋል!»

አዎ፣ የዚያን ቀን ሽማግሌ ይመጣብኝ ነበር። ዳዊት የሚባል የዋጫ ልጅ ልጄን ይፈልጋል፤ ልጄም፣ ከእኔ በስተቀር ሁሉም እንደሚያውቀው፣ ትፈልገዋለች። «እንዲህ ባለ ቀን ማር ልትገዛ ትሄዳለህ?» ትሉኝ ይሆናል። የዋጫ ገበያ የኔን ሽማግሌ ቀን አይጠይቅም።

«ስማኝ አባዬ» አለች። «አባወራው በሌለበት ቤት ገብተው አይቀመጡም። ቀድመውህ ከደረሱ ይመለሳሉ። ከተመለሱ ጾሙ ይገባል። ጾሙ ከገባ ዳዊት ወደ ደካ ተዛውሮ ይሄዳል፤ እኔ ደግሞ...»

«አንቺ ደግሞ ምን?»

«እኔም ደካ ሥራ ይኖራል ወይ ብዬ አያለሁ። በሽማግሌም ሆነ ያለ ሽማግሌ።»

ይህችን ልጅ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ቀልድና ቁም ነገሯን አሳምሬ እለያለሁ። ይህኛው ቀልድ አልነበረም።

«እሺ፣ እቀድማቸዋለሁ» አልኩ።

«ደግሞ ሌላ፤ ዛሬ እንኳ አትከራከር።»

«እኔ መቼ ተከራክሬ አውቃለሁ?»

አጠገቤ ቢንያም ሳቁን በሳል ሸፈነ። ከዚህ በፊት ሌላ ቤት የላከው ሽማግሌ መጥቶልኝ ነበር፤ «ልጃችሁን ለልጃችን» ሊሉ ጀምረው ስለ መንገዱ ርቀት አንድ ነገር ተናገሩ፣ እኔ አረምኳቸው፣ እነሱም አረሙኝ፣ ስለ ልጅቷ ሳይነሳ መሸ። እሱን ነው የምትለው። ርቀቱን ግን እኔ ነበርኩ ልክ።

ተነሳን። ቡናው ያበበበት ሰሞን ስለሆነ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጫካው ውስጡ ነጭ ነጭ ይላል፤ ሽታው በመስኮት ይገባል። ቢንያም ከኋላ የተደረደሩትን ባልዲዎች ዞሮ ዞሮ አየና፣

«አጎቴ፣ ያ "አይቻለሁ" የሚሉት ነገር እኛም ጋ አለ» አለኝ።

«ሰማይ ላይ ማር ትሸጣላችሁ?»

«አይደለም። በአዘቦቱ በአውሮፕላኖች መካከል ያለውን ርቀት የምጠብቀው እኔ ነኝ። ሰማዩ ጥርት ሲል ግን የኋለኛውን ፓይለት "ፊትህ ያለው አውሮፕላን ይታይሃል?" ብዬ እጠይቀዋለሁ። "ይታየኛል" ካለኝ "እንግዲያው በዓይንህ እያየህ፣ እሱን ተከትለህ እረፍ" እለዋለሁ። ከዚያች ቃል በኋላ ከፊተኛው አውሮፕላን የመራቁ ኃላፊነት የፓይለቱ ነው።»

መሪውን ልለቀው ምንም አልቀረኝ። «እና አንተ ደመወዝ የሚከፈልህ ለምንድን ነው?»

«ሌሎቹን ሁሉ ከእሱ አርቃለሁ። ደግሞ የፊተኛው ትልቅ ከሆነ አስጠነቅቀዋለሁ፤ ትልቅ አውሮፕላን ከኋላው ጥሎት የሚሄደው ነፋስ ትንሹን ሊገለብጠው ይችላል።»

«ደላላ ነህ በለኛ!»

«አጎቴ!»

«አትቆጣ፤ ደላላ ክቡር ሥራ ነው። "አየኸው?" ትላለህ፤ "አየሁት" ሲልህ ዕዳውን ጫንቃው ላይ ጭነህ ጃንጥላህን ዘርግተህ ትሄዳለህ። ይህን ለመማር ነው እናትህ ያን ሁሉ ዓመት የለፋችው?»

ቢንያም ሳቀ። «ፓይለቱ እኮ እምቢ ማለት ይችላል። "አልታየኝም" ወይም "አልፈልግም" ካለ ርቀቱ ወደ እኔ ይመለሳል። ደግሞ አይቶት ከጠፋበት ያኔውኑ መናገር አለበት።»

«"ጠፋብኝ" ብሎ በገዛ አፉ የሚናገር ፓይለት አለ?»

«ሁሉም ይናገራሉ።»

«ያልተናገረስ?»

ቢንያም በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። «እሱ አያርፍም፤ ይወድቃል።»

መልስ አላጣሁም። ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ አሳየሁትና «እነዚህ ንቦች በቀን ስንቴ ያርፋሉ? ማን ይቆጣጠራቸዋል? አንዱ ካንዱ ሲጋጭ አይተህ ታውቃለህ?» አልኩት። ንቦቹን መቁጠር ያዘ፤ እንዳሸነፍኩ አወቅሁ። እነዚያው ንቦች ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወዳጅ ሆነው እንደማይቆዩኝ ግን አላወቅሁም።

ከዋጫ ወደ ቦንጋ ሲመጣ አንድ ቁልቁለት ጠመዝማዛ አለ። ዝናብ ግማሹን መንገድ ይዞት ገደል ገብቷል፤ የቀረው ለአንድ መኪና ብቻ ነው። ከላይ ምሕረት የምትባል ባንዲራ ያዥ ቆማለች፣ ከታች ባልደረባዋ አለ፣ በሬዲዮ ይነጋገራሉ። ደንቡ የታወቀ ነው፤ አንዱ መኪና ወርዶ «ወጣ» ካልተባለ ሌላው አይገባም። ሰልፉ ሲበዛና ከላይ እስከ ታች ጥርት ብሎ ሲታይ ግን ምሕረት ሾፌሩን ጠይቃ ተከትሎ እንዲወርድ ትፈቅዳለች።

እኛ ስንደርስ አንድ ነጭ ሚኒባስ ገና መውረድ ጀምሮ ነበር። ከኋላችን ሰልፍ ተይዟል። ምሕረት ወደ መስኮቴ መጣች።

«ጋሼ፣ ያ የሚወርደው ሚኒባስ ይታይዎታል?»

እዚህ ላይ አስምሩበት። ይታየኝ ነበር! ነጭ ነው፤ ከላዩ ላይ የታሰረው የሙዝ ዘለላ ሳይቀር ይታየኝ ነበር። ከፈለጋችሁ ስንቱ ሙዝ እንደበሰለ እነግራችኋለሁ።

«አይቻለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው እሱን ተከትለው ይውረዱ። ይራቁለት፤ ሾፌሩ ፈሪ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይቆማል። ጭጋግ ከመጣብዎት ደግሞ ክላክስ ያድርጉና ይቁሙ። ከኋላዎ ሌላ መኪና አላስገባም።»

ቢንያም አጠገቤ ጥርሱን ሁሉ አሳየ። «አጎቴ፣ አሁን ፓይለት ሆኑ።»

«ዝም በል።»

ወረድን። መጀመሪያ ሁሉ መልካም ነበር። ከዚያ የካፋ ጭጋግ መጣ። የኛ አገር ጭጋግ እንደ ግብር ሰብሳቢ ነው፤ ሳያንኳኳ ይገባል፣ ከገባ ደግሞ ያለህን ሳይወስድ አይወጣም። ከጫካው ወጣና መንገዱን ዋጠው፤ ሙዙን ዋጠው፤ ሚኒባሱን ዋጠው፤ የራሴን ኮፈን ሊውጥ ሲል አፉን ዘጋ።

«አጎቴ፣ ሚኒባሱ ይታይዎታል?»

«ይታየኛል።»

«የታለ?»

«ፊት።»

«ፊት የቱ ጋ?»

«ሚኒባስ የት ይሄዳል ልጄ? በግራ ገደል፣ በቀኝ ተራራ፤ መንገዱ አንድ ነው!»

ይህ ሐሳብ ዛሬም ስህተቱ አይታየኝም።

«"ጠፋብኝ" ይበሉ፤ ክላክስ ያድርጉና ይቁሙ!»

ለምን እንዳልቆምኩ ልንገራችሁ። ከቆምኩ ጭጋጉ እስኪነሳ እዚያው ነኝ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ፣ በኔ ሒሳብ፣ ይህን ጊዜ ቦንጋ ሊገቡ ነው። በሬን አንኳኩተው፣ አባወራ የለም ተብለው፣ ዞረው ሲሄዱ፣ ትዕግሥት ሻንጣዋን ስታወርድ በዓይኔ ታየኝ። ከሚኒባሱ በስተቀር ሁሉም ነገር ታየኝ። ደግሞስ «አይቻለሁ» ብዬአለሁ። «አይቻለሁ» ብዬ የመለስኩት ነገር የለም።

ከፊታችን ክላክስ ተሰማ።

«ማነው ይኼ ፈሪ?» አልኩ።

ወዲያው አገኘሁት።

ግጭቱ ትልቅ አልነበረም። በእግሩ ከሚሮጥ ሰው ብዙ አልበለጥኩም። ነገሩን ትልቅ ያደረገው ማሩ ነው። ከላይ የነበሩት ሦስት ባልዲዎች እኔ ስቆም እነሱ መንገዳቸውን ቀጠሉ። አንደኛው ኮፈኔ ላይ ፈነዳ። ሁለተኛው ገደሉን መረጠ። ሦስተኛው በጋቢናዬ ላይ ተሻግሮ የሚኒባሱን የኋላ መስታወት ሰብሮ ገባ። ልብ በሉ፤ መስታወቱን የሰበረው መኪናዬ አይደለም፤ ማሩ ነው።

ሁላችንም ወረድን። ሰው አልተጎዳም። ሾፌሩ እናትና አባቴን እየጠራ መጣ፤ እሱን ተዉት። ከእሱ ኋላ ሦስት ሰዎች ወረዱ። ሦስት ነጭ ጋቢ፣ ሦስት ከዘራ። በዕድሜ የገፉት፣ ከኋላ የተቀመጡት፣ ከባርኔጣቸው እስከ ትከሻቸው ማር ለብሰዋል። ኋላ እንደሰማሁት ስማቸው ጋሽ አሥራት ነው። ምንም አልተናገሩም። ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ጣታቸውን ላሱ፣ ከዚያ ሰማይ ሰማይ አዩ።

«ማሩ ጥሩ ነው» አሉ። «ሾፌሩ ነው ዕውር።»

ሦስት ነጭ ጋቢ፣ ከዋጫ ወደ ቦንጋ፣ በዚህ ቀን።

«ወዴት... ወዴት ነበር ጉዞው?» አልኩ።

«ቦንጋ። አንድ ማር ነጋዴ ቤት» አሉ ጋሽ አሥራት፤ አንድ ጊዜ ማሩን፣ አንድ ጊዜ እኔን እያዩ። «ክርክር ይወዳል ብለውናል።»

«ቦንጋ ማር ነጋዴ ሞልቷል» አልኩ።

ይህን ጊዜ ጭጋጉ ተነሳ። ለእኔ ሲሆን ሳይጠሩት መጥቶ፣ ለንቦቹ ሲሆን መንገድ ለቀቀ። ፀሐይ ወጣች፤ ማሩ መንገዱ ላይ አብረቀረቀ፤ ከጫካው ደግሞ አንድ ድምፅ ተነሳ። መጀመሪያ ጥቂት ነበሩ። ከዚያ ቡናው አበባ ላይ የዋለው ሁሉ ወሬ ሰምቶ መጣ። እየተከታተሉ፣ ርቀታቸውን ጠብቀው፣ ሳይጋጩ የጋሽ አሥራት ጋቢ ላይ ማረፍ ጀመሩ። ቢንያም አፉን ከፍቶ አያቸው። በእውነት ያምር ነበር፤ ጋሽ አሥራት ባይሆኑ ኖሮ።

«ግቡ!» አልኩ።

ሾፌሩ ወደ ላይ ወደ ምሕረት ሮጠ። ሚኒባሱ ቀዳዳ ነው፤ የቀረችው የኔ ጋቢና ነች። ጋሽ አሥራት ጋቢያቸውን ከነንቦቹ መንገዱ ላይ ጥለውላቸው ገቡ። ጋቢናዋ የተሠራችው ለሦስት ሰው ነው። ሦስት ሽማግሌ፣ ሦስት ከዘራ፣ ቢንያምና እኔ ገባንባት። መስታወቱን ዘጋን። አንዲት ንብ ቀድማን ገብታ ኖሮ ግራ ጆሮዬን መረጠች። በዚያች ሰዓት በመካከላችን የነበረውን ርቀት ቢንያም በሙያው ልለካ ቢል ስም ያጣለት ነበር። የአንዱ ሽማግሌ ክርን ጎኔ ውስጥ ነው፤ የሌላው ከዘራ ማርሹን ይዞታል። መስታወቱ ከውጭ በንብ ጠቁሯል።

ስልኬ ጮኸ። እጄ ማር ስለሆነ ቢንያም ነካው፤ ነክቶም ድምፁን ለጋቢናው ሁሉ ለቀቀው።

«አባዬ! ቀደምካቸው?»

«አልቀደምኳቸውም» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ቀደሙህ?»

«አልቀደሙኝም።»

«ታዲያ እንዴት ነው?»

ጋሽ አሥራት ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ፤ ጠጋ የሚሉበት ቦታ ስላልነበረ ጉልበቴ ላይ ወጡ ማለት ይቀላል። «አብረን ነን ልጄ፤ አታስቢ» አሉ።

ትዕግሥት በቀጭን ድምፅ፣ «አባዬ፣ ተከራከርክ እንዴ?»

ቢንያም ዘጋው።

«እንግዲህ ተዋወቅን» አሉ ጋሽ አሥራት። ፂማቸው ላይ አንዲት የማር ጠብታ ተንጠልጥላለች። «ቀላል ነገር ነው። አንዲት ቃል በል፤ "አጥፍቻለሁ" በል። "ይቅር ብለናል" እንልሃለን፤ ወደ ጉዳያችን እንሄዳለን።»

«አላጠፋሁማ!»

«ከኋላ መጥተህ ነው የገጨኸን።»

«እናንተ ቆማችሁ ነዋ! መንገድ መሄጃ ነው እንጂ መቆሚያ አይደለም።»

«ክላክስ አድርገን ነው የቆምነው።»

«ክላክስ ይሰማል እንጂ አይታይም! እኔ የታዘዝኩት እያየሁ እንድወርድ ነው። አይቻለሁ። ከዚያ ጭጋግ መጣ። ጭጋጉን ያመጣሁት እኔ ነኝ? የለቀቀችኝ ምሕረት ነች፤ ክሳችሁን ወደሷ!»

መስታወቱ ተንኳኳ። ምሕረት ነች፤ ቀዩን ባንዲራ ራሷ ላይ ጠምጥማ፣ በዓይኗ ብቻ ቀርታ። ሾፌሩ ጠርቷት ስትወርድ ስሟን ሳነሳ በመስታወቱ ሰምታለች።

«እኔ ነኝ?» አለች በመስታወቱ በኩል እየጮኸች። «"ይታይዎታል?" አልኩዎት፤ "አይቻለሁ" አሉ። "ይራቁለት" አልኩዎት። "ጭጋግ ከመጣ ክላክስ አድርገው ይቁሙ" አልኩዎት። ከኋላዎ አንድ ሰው አላስገባሁም። የኔን ሠርቻለሁ ጋሼ፤ የእርስዎስ ክላክስ የታለ?»

ሁሉም ወደ ቢንያም ዞሩ። ለመዞር ቦታ አልነበረም፤ ግን ዞሩ።

«ልጄ፣ አንተ አብረኸው ነበርክ። ሥራህ ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ አሥራት።

ሲጠየቅ እውነቱን ይናገራል ብያችኋለሁ። ማማውን፣ ፓይለቱን፣ «ይታየኛል» የምትለዋን ቃል፣ ሁሉን ዘርዝሮ ነገራቸው። «የሷ ድርሻ ማስጠንቀቅና ሌላውን ከእሱ ማራቅ ነው፤ አድርጋለች። "አይቻለሁ" ካለ በኋላ ከፊተኛው መራቅ የሱ ነው። ካላየው ደግሞ "ጠፋብኝ" ማለት ነበረበት።»

«የገዛ እህቴ ልጅ!» አልኩ።

«አጎቴ፣ ጠየቁኝ እኮ።»

«እናትህም እንዲህ ነበረች!»

ሁለቱ ሽማግሌዎች በካፊኖኖ መንሾካሾክ ያዙ። የተወለድኩበትን ቋንቋ የማላውቅ መስያቸዋለሁ፤ በአማርኛ ብዙ ስለጮህኩ ይሆናል። አንደኛው «ከዚህ ሰው ጋር ዝምድና አይሆንም፤ ዝናብ ሳይመጣ ወደ ዋጫ እንመለስ» አለ። ሌላው ራሱን ነቀነቀ።

ይህን ጊዜ ልናገራት ቆረጥኩ። ቃሏ አጭር ነች፤ «አጥፍቻለሁ»። አፌን ከፈትኩ። ትዕግሥት ታየችኝ፣ ሻንጣው ታየኝ፣ የደካ መንገድ ታየኝ። ቃሏ ግን አልወጣችም። ሐሰት በምላሴ አልፋ አታውቅም አልልም፤ ነጋዴ ነኝ። ይህችኛዋ ግን አልወጣችም።

ጋሽ አሥራት ሁለቱን በእጃቸው ዝም አሰኙና ወደ ቢንያም ዞሩ። «እስቲ ልጄ፤ ፓይለቱ "ይታየኛል፣ እከተላለሁ" ካለ በኋላ ያ ማማ ላይ ያለው ሰውዬ ሲጮህበት ይውላል?»

«አይውልም። አደጋ ካየ ግን ዝም አይልም።»

«መልካም።» ወደ እኔ ተመለሱ። «የኛ ልጅ ልጅህን ማየት ከጀመረ ቆይቷል። "አይቻለሁ" ይላል። አንድ ቀንም "ጠፋችብኝ" ብሎ አያውቅም። እንግዲህ ልቀቅለት።»

«ርቀቱን ይጠብቅ!» አልኩ፤ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

«ርቀት እንዲጠብቅማ ብንፈልግ ኖሮ ባልመጣን!» አሉ ጋሽ አሥራት።

መጀመሪያ የሳቀችው ምሕረት ነች፤ ከባንዲራው ውስጥ። ከዚያ ቢንያም። ከዚያ ያ «እንመለስ» ያለው ሽማግሌ፤ ሆዱ ሲንቀጠቀጥ የሁላችንም ሆድ አብሮ ተንቀጠቀጠ፤ ተያይዘን ነበርና። እኔ አልሳቅሁም። ጆሮዬ አብጦ ነው።

«"አጥፍቻለሁ" አልልም» አልኩ።

«አትበል። እኛም "ይቅር ብለናል" አንልም፤ ተቻቻልን። በምትኩ አንድ ነገር ስጠን። ቤትህ ስንገባ "ልምከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ" አትበለን። ይህን መንገድ ሁለተኛ አንመጣበትም። በመጀመሪያው ጥያቄ "እሺ" በል።»

ይህ ሰውዬ ቡና አብቃይ ነው አሉኝ። ማር ነጋዴ ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬ ጫማ እጠርግ ነበር። ሴት ልጁን ሲጠየቅ አባት የሆነ ሰው ሽማግሌ ይመልሳል፤ ያስመላልሳል፤ ክብሩ ነው። እኔ ሦስት ጊዜ ላስመልስ አስቤ ነበር፤ በአራተኛው ደግሞ ትንሽ ላመነታ። ጨው እንኳ በመጀመሪያው ዋጋ ገዝቼ አላውቅም። ሁለቱን ቃላት በሐሳቤ ግራና ቀኝ አስቀምጬ መዘንኩ፤ «አጥፍቻለሁ» እና «እሺ»። ሁለቱም ከባድ ናቸው። «እሺ» ውስጥ ግን ልጄ አለች።

«ጋቢውን እተካለሁ። መስታወቱንም» አልኩ።

«ጋቢ ጠየቅንህ?»

«እሺ እላለሁ። ግን ቤት፣ ቁጭ ብዬ። እዚህ አልልም።»

«ተስማማን» አሉ፤ እጃቸውን ሰጡኝ። ተጨባበጥን። ማር ለማር ስለሆነ ለመላቀቅ ጊዜ ፈጀ።

ዝናቡ መጣ። የካፋ ዝናብ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ ሠራ፤ መንገዱን አጠበ፣ ንቦቹን ወደ ቀፏቸው ሰደደ። መኪኖቹ ሁለቱም ይነሳሉ፤ ሽማግሌዎቹ ወደ ሚኒባሳቸው ተመለሱ። ከጠመዝማዛው ስንወጣ ቀድሜ ቤቴ መገኘት ስላለብኝ ሾፌሩ ጥግ ይዞ አሳለፈኝ። ቢንያም በመስኮቱ አንገቱን አወጣና፣

«ፊትህ ያለው ፒካፕ ይታይሃል?» አለው።

«ይታየኛል፤ ግን አልከተልም!» አለ ሾፌሩ። «ቤቱ ገብቶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጧል ብለህ እስክትደውልልኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም!»

ቢንያም ደስታው ሌላ ነበር። «መብቱ እኮ ነው አጎቴ» አለኝ፤ እስከ ቦንጋ ድረስም ያችኑ ደጋገመልኝ።

ቤት ደረስኩ። ጆሮዬን በፎጣ ሸፍኜ ተቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ መጡ፤ የማያውቁኝ መስለው ሰላም አሉኝ፤ እኔም የማላውቃቸው መስዬ ተቀበልኩ። ጋሽ አሥራት ያለ ጋቢ ቆመው፣ ቅንድባቸው አሁንም እየተጣበቀ፣ «ልጅህን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉ። ዘመዶቼ በሙሉ «ሌላ ቀን ተመለሱ» የምልበትን ጊዜ ይጠብቃሉ። ጓዳው በር ላይ የትዕግሥት የቀሚስ ጫፍ ይታየኛል።

«እሺ» አልኩ።

አንዲት አክስቴ አሞኝ እንደሆነ ጠየቀች። ትዕግሥት ወግ ሁሉ ረስታ ከጓዳ ብቅ አለች። «አባዬ? ሳትከራከር?»

«ጨርሶ ነው የመጣው ልጄ» አሉ ጋሽ አሥራት።

ማታ ላይ ሁሉም ሲሄድ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «በመጀመሪያው ዋጋ ሰጠኋቸው እያልክ እየተብሰለሰልክ ነው አይደል? እኔ ማር አይደለሁም እኮ አባዬ» አለችኝ። አውቃለሁ። ማር ብትሆን ኖሮ አልሸጣትም ነበር።

አሁንም ያን መንገድ እመላለሳለሁ። ምሕረት ባየችኝ ቁጥር ወደ መስኮቴ ትመጣለች፤ ሰማዩ ብርጭቆ በሚመስልበት ቀን እንኳ «ጋሼ፣ ፊት ያለው መኪና ይታይዎታል?» ትለኛለች፤ ፊቷ ይስቃል። «አልታየኝም» እላታለሁ። ባንዲራዋን አንስታ ከታች «ወጣ» እስኪባል ታቆመኛለች፤ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ይሳደባል። ይህ ጥፋትን ማመን አይደለም። መብቴ ነው።

ሒሳቡን ልዝጋ። ወጪ፦ ሦስት ባልዲ ማር፣ አንድ ኮፈን፣ አንድ መስታወት፣ አንድ ጋቢ፣ አንድ «እሺ»። ገቢ፦ አንድ አማች። ጥፋት፦ የለብኝም።